ሁለት ሆና የታየችው ኳስ

የፒንግ ፖንግ ኳስ ስትነጥር በሰማሁ ቁጥር ልጅ ሆኜ ሪያድ፣ ዐዚዚያ ሰፈር የኖርንበት ግቢ ይመጣብኛል። በርሜሎች ላይ የተጋደመ አሮጌ በር ጠረጴዛችን ነበር።

ያን ቀን ታላቅ ወንድሜ ሰዒድ ሥራ ቦታ ከመሰላል ወድቆ መጣ። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ስላልነበረው እንዳይያዝ ፈርቶ ሐኪም ቤት አልሄደም። «ራሴን ትንሽ አሞኛል» ቢለኝም፣ እኔ ጨዋታ የሚጀመርባትን የምትሾር ሰርቪስ አስተምረኝ ብዬ ጎተትኩት።

«አትምታት፤ ከሥሯ ፋቅ አድርጋት» አለኝ። ደጋግሜ ሞከርኩ። በመጨረሻ ኳሷ ነጥራ ወደ ጎን ታጠፈች፤ እሱ አየር መታ።

«ሁለት ሆና ታየችኝ እኮ» አለ ዓይኑን እያሸ።

«ገና ሦስት ትሆንብሃለች!» ብዬ ሳቅኩበት።

ፈገግ አለ። «ያላ፣ ድገማት።»

ደገምኳት።

በማግስቱ ጠዋት ብቀሰቅሰው አልነቃም።

ትናንት የጎረቤቴ ልጅ የምትሾር ሰርቪስ አሳየኝ አለኝ። እጄ እስካሁን አልረሳትም። አልችልም አልኩት።