ለሰከንድ ቢሊዮንኛ ሐዋሳ ድረስ

ከአዳማ የተነሳሁት ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ጭኔ ላይ ያስቀመጥኩት ካውንተር የኤሌክትሪክ ምት በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመታ የሚቆጥር ሣጥን ሲሆን ክብደቱ ከወይፈን ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ሃያ ዓመት ሬዲዮ ጠግኜበታለሁ። ሐዋሳ ለማስተርስ የምትማረው የወንድሜ ልጅ ሜሮን በዚያው ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ፈተና ነበረባት፤ የላቦራቶሪው ካውንተር ደግሞ ተበላሽቷል። ፈተናው ካመለጣት ምረቃዋ በዓመት ይገፋል። "ጋሼ፣ እባክዎ የእርስዎን ይዘውልኝ ይምጡ" ብላ ደወለች። ምን ልትለካበት እንደሆነ ግን አልገባኝም ነበር።

መቂ

ሚኒባሱ መቂ ላይ ቆሞ ቲማቲም በመስኮት ሲገዛ፣ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ሣጥኑን አይተው "ምንድን ነው?" አሉኝ።

"ሰከንድን ለአሥር ሚሊዮን የሚከፋፍል ማሽን ነው እማማ።"

"ተከፋፍሎ ለማን ለማን ይደርሳል?"

ሣጥኔን እንዳቀፍኩ ሻሸመኔ ደረስን።

ሐዋሳ፣ አራት ሰዓት ተኩል

ከመናኸሪያው የያዝኩት ባጃጅ የእኔን የአንድ ሰው፣ የሣጥኑን ደግሞ የአንድ ሰው አስከፍሎኝ በታቦር ተራራ በኩል ዩኒቨርሲቲው በር ላይ አወረደኝ። ሜሮን መጀመሪያ ሣጥኑን አቀፈች፣ ቀጥሎ እኔን። ላቦራቶሪውን የሚጠብቁት ጋሽ ዳንጊሶ፣ ጡረታ የቀረባቸው የሲዳማ ሽማግሌ፣ ወንበር ሳቡልኝ።

ፈተናው እንዲህ ነው። ሁለት ጥቅል የኤሌክትሪክ ገመድ ይሰጧታል፤ ሳትፈታ አንዱ ከሌላው በስንት ሜትር እንደሚበልጥ መናገር አለባት። የኤሌክትሪክ ምት አንድ ሜትር ገመድ ለማለፍ አምስት ናኖሴኮንድ፣ ማለትም አምስት የሰከንድ ቢሊዮንኛ ይፈጅበታል። የእኔ ካውንተር ግን ምቱ የፈጀበትን ጊዜ የሚቆጥረው በመቶ መቶ ናኖሴኮንድ እየዘለለ ነው።

"ሃያ ሜትር በሚራመድ እግር ክንድ መለካት ማለት ነው" አለች። "ስለዚህ አሥር ሺህ ጊዜ ለክቼ አማካዩን እወስዳለሁ።"

መለማመጃ ጥቅሎቹ የአራት ሜትር ልዩነት አላቸው። የመጀመሪያውን ለካች፦ 500 ናኖሴኮንድ። 500። 500። ሁለተኛውንም ለካች፦ 500። 500።

"እንዴት ያለ ጨዋ ዕቃ ነው! ቃሉን አያጥፍም!" አልኩ በኩራት።

ሜሮን ልታለቅስ ደረሰች። "አራት ሜትሩ የት ገባ?"

ስድስት ሰዓት ሆነ፤ ስድስት ተኩል ሆነ። አሁንም 500። እኔ ደግሞ ችግሩ ምን እንደሆነ እንኳ አላወቅኩም። ጋሽ ዳንጊሶ ቀረብ ብለው በካውንተሬና ምቱን በሚልከው መሣሪያ መካከል ወደተዘረጋች ቀጭን ሽቦ ጠቆሙ። "ይቺስ ምንድን ናት ልጄ?"

"ምት የሚልከውንና የሚቆጥረውን በአንድ ሰዓት ቆጠራ እኩል እንዲሄዱ ያሰርኩባት ናት። ሥርዓት እንዲይዙ ብዬ።"

ሽማግሌው ሳቁ። "እኛ ሰፈር ለዕርቅ የተቀመጡ አሥር ሽማግሌዎች ገና ከመጀመሪያው አንድ ቃል ከተናገሩ፣ ጠዋት አንድ ቤት ቁርስ በልተዋል እንላለን።"

ሜሮን ሽማግሌውን አየች፤ ሽቦዋን አየች። ከዚያ ሽቦዋን ነቀለቻት።

ቁጥሮቹ ተጣሉ። 500፣ 600፣ 500፣ 500፣ 600!

"አበላሸሽው!" ብዬ ጮህኩ።

"ዝም ይበሉ ጋሼ፣ አሁን ነው የዳነው! ምቱና ቆጠራው ከእንግዲህ አብረው አይነሱም። እውነተኛው 538 ከሆነ፣ ከመቶው ሠላሳ ስምንቱን ጊዜ 600 ይላል፤ የቀረውን 500።"

"አሥር ሺህ ውሸታም ተሰብስቦ አንድ እውነት ይወልዳል?"

"ካልተመካከሩ ይወልዳሉ።"

አማካዩ ወጣ፦ 538 እና 558። ሃያ ናኖሴኮንድ፣ አራት ሜትር! ሽማግሌው አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ለምን እንደሆነ ባላውቅም።

ስምንት ሰዓት

ፈታኟ ቃል የምትቆጥብ ሴት ናት። የገመድ ጫፍ ብቻ የወጣባቸው ሁለት የታሸጉ ከረጢቶች አስቀመጠች። ሜሮን ለካች፣ አሰበች፣ "ሰባት ሜትር" አለች። ፈታኟ ሜትሯን አወጣች። ገመዶቹን ኮሪደሩ ላይ ዘረጋናቸው፤ አንዱን ጫፍ ጋሽ ዳንጊሶ፣ ሌላውን እኔ ይዘን። ገመዱን ስላላላሁ ሽማግሌው ሁለቴ ተቆጡኝ። ልዩነቱ ሰባት ሜትር ሊሞላ አንዲት ስንዝር ጎደለው።

"ስንዝሯ የት ሄደች?" አለች ፈታኟ።

"አንድ ናኖሴኮንድ ናት። እሷን ለማግኘት ከአሥር ሺህ በላይ መለካት ነበረብኝ።"

ፈታኟ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። "አልፈሻል።"

ሜሮን በዚህ ጊዜ እኔን አስቀድማ አቀፈችኝ።

አዳማ

በማግስቱ ቤቴ ገባሁ። ናኖሴኮንድ አሁንም አይገባኝም፤ ሽቦዋ ግን ገብታኛለች። ሱቄን እንደከፈትኩ ባልና ሚስት ስክሪኑ የተሰነጠቀ ቴሌቪዥን ይዘው መጡ። "ምንም አልነካነውም፣ በራሱ ነው የጠፋው" አሉ፣ እንደ መዘምራን በአንድ ድምፅ። ባልየውን ውጭ አስቀምጬ ለየብቻ ጠየቅኳቸው።

ሚስት "ከጠረጴዛ" አለች። ባል "ከቁም ሣጥን" አለ።

በአማካይ ወድቋል።