ለማራኪዬ ሚዜ ሆንሁ

የተማረክሁት በቢቸናና በሞጣ መካከል ነው። ገበሬው አዲሱን የእርሻ ግብር አልከፍልም ብሎ ባመፀበት ዓመት የፖሊስ ሬዲዮ ሠራተኛ ነበርሁ። ጓዶቼ ሲያፈገፍጉ እኔ ሬዲዮውን በጀርባዬ እንዳዘልሁ ጭቃ ላይ ተዘረርሁ። ቀና ስል አንድ ረጅም ገበሬ ጠመንጃ ደግኖብኛል።

"ተነሥ" አለኝ፤ "ቀስ ብለህ ግን፣ ያዳልጣል።"

ጠባቂዬም እሱው ሆነ። እኩያዬ ነበር። ቤቱ ወስዶ ከእናቱ ጋር አንድ ማዕድ ላይ አስቀመጠኝ። በመጀመሪያው ሳምንት ፈራሁት፤ በሁለተኛው አብሬው ማረስ ጀመርሁ። ትልሜ እባብ ይመስላል እያለ ሲስቅብኝ በሬዎቹ ሳይቀሩ ይቆሙ ነበር።

አንድ ጠዋት ፊቱ ጠቁሮ መጣ። ሠርጉ ለእሑድ ተቆርጧል፤ ሚዜው ግን ከአማፂዎቹ ጋር ወደ ሞጣ ዘምቶ አልተመለሰም።

"አንተ ትሆነኛለህ" አለኝ።

"እኔ እኮ ምርኮኛ ነኝ።"

"እሱንማ አውቃለሁ። ያሳሰበኝ ልብስህ ነው።"

እናቱ ካኪዬን አጠቡልኝ፤ የሟች አባቱን ኩታ ደረብሁበት። እሑድ ከሙሽራዋ ቤት ስንደርስ ልጃገረዶቹ በሩን ዘግተው ይዘፍናሉ። አጎቷ፣ የአካባቢው አማፂዎች አለቃ፣ ካኪ ሱሪዬን አየት አድርገው "ይህ ሚዜ የማን ልጅ ነው?" አሉ።

"የመንግሥት" አለ ሙሽራው።

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። አለቃው እንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉና "በሉ አስገቡት፣ የሰው ልጅ ነው" አሉ።

ሙሽራዋን ተሸክሜ በቅሎ ላይ አስቀመጥኋት። ሙሽራው ከኋላዋ ሊወጣ ሲል ጠመንጃው አስቸገረውና ለእኔ አቀበለኝ። ያንን ጠመንጃ ወደ ላይ ይዤ መንገዱን ሙሉ እየዘለልሁ ጨፈርሁ። ማምለጥ ትዝም አላለኝ። የሚጠብቀኝ ሰውም ወደ እኔ ዞሮ አላየም፤ ሙሽራዋን ነበር የሚያየው።

ማክሰኞ ዕለት ከቢቸና የመጡ ሽማግሌዎች ከአለቃው ጋር ተስማምተው "ተፈትተሃል፣ ተነሥ እንሂድ" አሉኝ።

"መልሱ ሐሙስ ነው፤ ሚዜ ነኝ" አልኋቸው።

እርስ በርስ ተያዩ። ከመካከላቸው አንዱ ዱላቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ቁጭ አሉ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው። እስከ ሐሙስ ማታ አብረውን ሲበሉና ሲጠጡ ሰነበቱ።

ዓርብ ቢቸና ስገባ አዛዤ ሻምበሉ የደረሰብኝን ሁሉ አንድ በአንድ እንድነግራቸው አዘዙኝ። ነገርኋቸው። ሳቃቸውን ለመያዝ ሲታገሉ ጢማቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። በመጨረሻ ጸሐፊውን "ታሞ ሰነበተ ብለህ ጻፍ" አሉት።