ከሙዚቀኞቹ ሚኒባስ የወጣ ሞተር

ዴስፓ በሮዶፒ ተራራ አናት ላይ ላሉ ሦስት መንደሮች ዳቦ የምታደርስ ሴት ነበረች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ነጯን ቫኗን እየነዳች ስትወጣ ስትወርድ ኖራለች፤ በረዶ ሲጥል የጎማውን ሰንሰለት የምታስረው ራሷ ናት። እላይ የቀሩት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ብቻ ናቸው። ልጆቻቸው ስፔንና ጀርመን ገብተዋል፣ ሱቁ ተዘግቷል፣ አውቶቡሱም ቀርቷል። ዴስፓ ካልመጣች ዳቦ የለም።

አንድ ማለዳ ታች ከተማው ጋራዥ ዘይት አስቀይራ ወጣች። ግማሽ መንገድ ሳትደርስ የዘይቱ መብራት ቀላ፤ መኪናዋን ዳር ሳታስይዝ ሞተሩ አጓርቶ ቀጥ አለ። ወርዳ ከሥር ብታይ የዘይት ማፍሰሻው ቡሎን የለም። ከኋላዋ አስፋልቱ ላይ የፈሰሰው ዘይት እንደ ጥቁር ገመድ ተጋድሟል።

ደውላ የጠራችው የጋራዡ ባለቤት ጋንቾ መጥቶ መኪናውን ዞር ዞር ብሎ አየና፣ "ሞተሩ ነክሷል፣ ከእንግዲህ አይዞርም። ሴት ስትነዳ እኮ እንዲህ ነው፣ እትዬ ዴስፓ። መብራቱ ሲበራ ወዲያው ሞተር ማጥፋት ነበረብሽ" አላት።

"ቡሎኑን ማነው ያላጠበቀው?"

"እኛማ አጥብቀናል። ድንጋይ መትቶት ይሆናል።"

"ድንጋይ ቡሎን ይፈታል? ጉድ እኮ ነው! በል ድንጋዩን አሳየኝ!"

ጋንቾ ሳቀባት። "ለቁራሌው ስጫት፣ አንቺም ዕረፊ። እላይ ለቀሩት ጥቂት አሮጊቶች ብለሽ ነው?"

ዴስፓ በንዴት ፊቷ ፍም መሰለ። ከእነዚያ አሮጊቶች አንዷ የገዛ እናቱ እማማ ኔዳ ናቸው!

ጎረቤቷ ጋሽ ስታመን፣ ጡረታ የወጣ የትራክተር ነጂ፣ ቫኗን ጎትቶ ግቢው አስገባላት። "የዚች ሞተር አይድንም። ሌላ እንክተትባት" አለ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ የሠርግ ሙዚቀኞች ጥለውት የሄዱት ሚኒባስ ሳማ ውጦት ቆሟል፤ ዶሮዎች ውስጡ እንቁላል ይጥላሉ። አኮርዲዮን ተጫዋቹ ከማድሪድ በስልክ፣ "ውሰጂው እትዬ፣ ማን ሊያገባ ብለሽ ነው!" አላት። ሳማው ክንዷን እየለበለባት ሞተሩን ከነካምቢዮው ፈቱት፤ ከጎተራው ወራጅ ላይ በሰንሰለት አንጠልጥለው ቫኗ ውስጥ አወረዱት። አልገባም። ሙዚቀኞቹ የነዱት በናፍጣ የሚሠራ ግዙፍ ሞተር ነው፤ የቫኗ የሞተር ማስቀመጫ ጠበበው። ስታመን የድሮውን ብረት ቆርጦ አዲስ በየደ። ኮፈኑ ግን አልዘጋ ስላለ መሐሉን በሱት።

ይህ ሁሉ ሲሆን ዳቦው በስታመን ትራክተር ተጎታች፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ይወጣ ነበር። እማማ ኔዳ በራቸው ላይ ትራክተር ሲያዩ፣ "መኪናሽ የት ገባች?" አሏት። ዴስፓ ልትደብቅ አሰበች፤ ንዴቷ ግን አላስቻላትም፣ ሁሉን ዘረገፈችው። አሮጊቷ ዳቦውን ጠረጴዛ ላይ አኖሩና ስልካቸውን አነሱ።

"ጋንቾ! እናትህን የምታበላውን ሴት ነው መንገድ ላይ የጣልካት? ደግሞ ሳቅህባት አሉ!"

በማግስቱ ጋንቾ ቸኮሌት ይዞ መጣ። "በቃ፣ የቀረውን እኔ በነፃ ልጨርስልሽ።"

"ነፃህን አልፈለግሁም። 'ቡሎኑን ያላጠበቅሁት እኔ ነኝ' በል።"

"ረዳቴ ምናልባት..."

"ረዳትህን ማን ጠየቀህ?"

ጋንቾ መሬት መሬቱን አየ፤ ያቺን አንዲት ቃል ግን ከአፉ ማውጣት ሞት ሆነበት። ቸኮሌቱን አስታቀፈችውና መለሰችው።

ሞተሩ ሲነሳ ግቢው በጥቁር ጭስ ተሞላ፣ የስታመን ውሻ አልጋ ሥር ገባ። ዴስፓ ሽቅብ ወጣች። ጩኸቱ ከሩቅ ስለሚሰማ ሰዉ ሁሉ ቀድሞ በሩ ላይ ቆሟል።

"እህ፣ ጋንቾ 'እኔ ነኝ' አለ?" አሉ እማማ ኔዳ ዳቧቸውን እየተቀበሉ።

"አላለም፣ እማማ።"

"አላለም? እንግዲያው እሑድ ለምሳ ይመጣል፤ ሳይል አይበላትም!"

ዴስፓ ሳትስቅ ማርሽ አስገባች። ገና አልበረደላትም ነበር።