አፍንጫ የሆነኝ ስልክ

ጌጃ ሰፈር ቅቤ ነጋዴ ነኝ። እንጀራዬን የበላሁት በአፍንጫዬ ነው፤ ለጋውን ከበሳሉ ለመለየት አንዴ ሳብ ማድረግ ይበቃኝ ነበር። ዘንድሮ በሁዳዴ ጾም አንድ ጉንፋን ያዘኝና ሲሄድ ማሽተቴን ይዞብኝ ሄደ። ቅቤና ሳሙና አንድ ሆኑብኝ። ጾም ስለሆነ መቅመስ አይታሰብም፤ ፋሲካ ደግሞ ደርሷል። ከልጄ በቀር ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

ልጄ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ታጠናለች። አንድ ቀን የቴምብር ያህል ስስ ወረቀቶች ይዛልኝ መጣች። ባትሪ የላቸውም፤ ስልክ ሲጠጋቸው በሬዲዮ ሞገድ ይመልሱለታል።

«አባዬ፣ ቅቤው አጠገብ ታስቀምጠውና ጥቂት ቆይተህ ስልኩን ታስጠጋለህ። ጢጥ ካለ ለጋ ነው። የቆየ ቅቤ ሽታ ካገኘው ግን ወረቀቱ ይዘጋል፣ ስልኩም ዝም ይላል።»

ቤት በሳህን ሞከርነው፤ አልሳተም።

ከሸኖ ቅቤ የምታመጣልኝ የሃያ ዓመት ደንበኛዬ መጣችና አምስት ጣሳ ደረደረች። እኔ አራዳው፣ እንዳታይብኝ ብዬ ወረቀቶቹን ከየክዳኑ ስር ለጥፌ ገጠምኩ። ሻይ ጋበዝኳት። ከዚያ ቁጥር የምፈልግ መስዬ ስልኩን በየክዳኑ ላይ አዞርኩ። ዝም። አምስቱም ዝም።

«እቴ፣ ዘንድሮስ በሳሉን ለጋ ብለሽ አመጣሽልኝ» አልኳት ኮራ ብዬ።

«ምን አልክ? የሰሞኑን ቅቤ! አፍንጫህን በቁማር ተበላህ እንዴ?»

ጣሳዎቿን መሰብሰብ ጀመረች። ከሄደች ሳይመሽ ሰፈሩ ሁሉ የአፍንጫዬን መርዶ ይሰማል። ደግነቱ ልጄ ደረሰች። ክዳን ከፍታ አየችና በሳቅ ወደቀች።

«አባዬ! ቆርቆሮ ላይ? ሞገዱ በቆርቆሮ አያልፍም እኮ!»

ምን አደርጋለሁ፣ ለሴትዮዋ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ወረቀቶቹን ነቅለን፣ ከየጣሳው ከላይም ከስርም ቅቤ በፕላስቲክ ሳህን ቀንሰን፣ አጠገቡ አስቀመጥናቸው። ጥቂት ቆይተን ስልኩን ስናስጠጋ አራቱ ጢጥ አሉ። አምስተኛው አሁንም ዝም።

ሴትዮዋ የአምስተኛውን ጣሳ ቅቤ ከስሩ ጫር አድርጋ አሸተተች። «ውይ በሞትኩት! ይሄ የባለፈው ገበያ ትራፊ ነው። እኔም አላወቅኩ!» ብላ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ጣሳውን በበሳል ዋጋ ትታልኝ፣ ለማንም እንደማትናገር ምላ ሄደች።

ሳይመሽ ጌጃ ሰፈር ሙሉ ሰማ። ደንበኛ ግን አልሸሸም፤ እንዲያውም ጢጥ ሲል ካልሰማሁ አልገዛም የሚል በዛ።

አሁን ማሽተቴ ተመልሷል። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።