ጨው የሌለው ሳህን

ቬርሊን በገና ሰሞን እንግዶች ጭኖ ከደሴት ደሴት በሚዞር መርከብ ላይ አልጋ አንጣፊ ናት። እንግዶቹ ገናን ሊጨፍሩ ይሳፈራሉ፤ እሷ አንሶላቸውን ትቀይራለች። ዘንድሮም እንደ ወትሮው ቀይ ቆብ አጥልቀውላት፣ "ፈገግ በይ እንጂ፣ ገና ነው!" ብለዋታል። ፈገግ አለች። ደመወዝ የሚከፈላት ለዚያም ጭምር ነው።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ እናቷ ሚስ ኢዶና ይህን ሥራ አንድ ቀን ወዳው አታውቅም። ቬርሊን ለእረፍት ወደ ትውልድ ደሴቷ ካሪያኩ መጥታ የምትመለስበት ቀን ሲደርስ ጫማዋ ይጠፋል። አንዴ ከሩዝ ጆንያ ውስጥ ይገኛል፣ አንዴ ከዶሮ ቤቱ ጣሪያ ላይ።

"እኔ ምን አውቅልሻለሁ? እግር አለው፣ ሄዶ ይሆናላ!" ትላለች አሮጊቷ ወደ ባሕሩ እያየች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ቬርሊን እየሳቀችም እየተናደደችም ጫማዋን ፈልጋ ትሄዳለች። በነሐሴ ሚስ ኢዶና ስትሞት መርከቡ ባሕር መሃል ነበር። ልጅ እያላት ልጇ ሳትቀብራት ተቀበረች።

ገና ሲቃረብ እናትየዋ በሕልም መጣች። ከአልጋው ግርጌ ተቀምጣ "ራበኝ" አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም። በማግስቱም መጥታ ያንኑ አለች።

የካሪያኩ ሰው ለዚህ ሕልም ፈቺ አይጠራም። ሙት ሲርበው ለልጁ ይናገራል፤ ልጁ አብስሎ፣ ነጭ ጨርቅ አንጥፎ፣ ሻማ አብርቶ በሩን ዘግቶ ይወጣል። ጨው አይገባበትም፤ ሙት ጨው አይወድም። ሙቱ ሳይቀምስም ሕያው አይቀምስም። ይህ ካልተደረገለት እንደራበው ሲንከራተት ይኖራል። ቬርሊን ደግሞ እናቷን አንዴ በድላታለች፤ ሁለተኛ እንዴት አድርጋ?

መርከብ ላይ አልጋ አንጣፊ ምድጃ አታገኝም። ስለዚህ የሠራተኞቹን ምግብ አብሳይ፣ የጎረቤቱን ደሴት የሴንት ቪንሰንት ሰው፣ ኦስበርትን ለመነችው።

"ወንድሜ፣ ትንሽ የበቆሎ ገንፎ በባሚያ፣ ከዓሣ ጋር ሥራልኝ። ጨው እንዳታስነካው።"

"ምነው፣ ደም ግፊት ያዘሽ እንዴ? ገና ለጋ አይደለሽ!"

"ለእናቴ ነው።"

ኦስበርት ሳቁን ዋጠው። ሴንት ቪንሰንትም ሙት አለ። "እሺ እህቴ፣ እሺ" አለ ድምፁን ቀንሶ።

አንድ እንግዳ ስለቀረ ባዶ የዋለ ክፍል ነበር። ነጭ ፎጣ አንጥፋ ሳህኑን አኖረች። እሳት ክልክል ነውና ሻማውን ሳታበራ አቆመችው። ከላይ ፎቅ ላይ ይጨፈራል፤ ጣሪያው ይርገበገባል። "እማዬ፣ የቀረበልሽን ብዪና እረፊ" ብላ ቆለፈችው።

በማግስቱ ጠዋት አክስቷ ሜልቢና ከካሪያኩ ደወለች።

"አንቺ ልጅ! እናትሽን ምን አቀመስሻት?"

ቬርሊን ከኦስበርት በቀር ለማንም አልተናገረችም ነበር። "ምን... ምን አየሽ አክስቴ?"

"በሕልሜ መጣች። አፏን በቀሚሷ ጫፍ ትጠርጋለች፣ ትጠርጋለች። 'ልጄ የባሕር ውኃ አጠጣችኝ' አለችኝ። ምን አድርገሽ ነው?"

ሮጣ ክፍሉን ከፈተች። ገንፎው እንዳለ ደርቋል። ጣቷን ነክራ ቀመሰች፤ ጨው! እንደ ደንቡ አስቀድማ አልቀመሰች፣ በምን ታውቅ? ኦስበርትን ስትይዘው ራሱን በጁ መታ፦ "ወይኔ! እጄ ነው እህቴ፣ ልማድ ነው፣ መቼ እንደነሰነስኩት እንኳ አላውቅም!" ልትሰድበው አፏን ከፈተች፤ ግን ማንን ትስደብ? የእናትን ማዕድ ለሰው እጅ የሰጠችው ራሷ ናት።

እግዜር ሲፈቅድ መርከቡ ለገና ዋዜማ ከካሪያኩ ፊት ለፊት መልሕቅ ጣለ። አለቃዋን ለምና፣ ለምና፣ የመጨረሻዋ ጀልባ እስክትመለስ ፈቃድ አገኘች።

"መርከቡ ሦስቴ ሲጮህ ጀልባዋ ላይ ካልተገኘሽ ሥራሽን እርሺው" አላት።

እናቷ ቤት ገብታ ጫማዋን ከበሩ ጀርባ አወለቀችና በገዛ እጇ ገንፎውን ማገላበጥ ጀመረች። አክስት ሜልቢና ከጎኗ አልተነቃነቀችም።

"እጅሽን ከዚያ ዕቃ አርቂ!"

"ስኳር ነው አክስቴ!"

"ቢሆንም አርቂ! አንቺን ማመን ቀርቷል።"

ነጭ ጨርቅ፣ ሻማ፣ ብርጭቆ ውኃ። በሩን ዘግተው፣ ቁልፉን አክስትየዋ ጡቷ ስር ወሽቃ፣ ደጅ ካለው የማንጎ ዛፍ ጥላ ስር ተቀመጡ። መንገድ ላይ የገና ዘፋኞች ጊታራቸውን እየመቱ ያልፋሉ። ድንገት ከውስጥ ወንበር ሲሳብ ተሰማ። ሜልቢና የቬርሊንን ክንድ ጨምድዳ ያዘች።

መርከቡ ጮኸ። ቆይተው በሩን ከፈቱ። ሻማው ይነዳል። ገንፎው ከአንድ ጎኑ ተቆርሷል፤ ማንኪያው ረጥቧል። ቬርሊን በደስታ እጇን አፏ ላይ ጫነች። በላችልኝ! አሁን ትረፍ፣ እኔም ልረፍ፣ አለች በልቧ። ጫማዋን ልታጠልቅ ወደ በሩ ጀርባ ዞረች።

ጫማው የለም።

ከአልጋው ስር አጎንብሳ አየች። የሩዙን ጆንያ በረበረች። ወጥታ የዶሮ ቤቱን ጣሪያ በእጇ ዳበሰች። የለም። መርከቡ ለሁለተኛ ጊዜ ጮኸ።

"በባዶ እግርሽ ሩጪ እንጂ! ሥራሽ ሊሄድ ነው!" አለች ሜልቢና። ድምፅዋ ግን ፍርሃት ፍርሃት ይላል።

ቬርሊን እስከ ደጃፉ ሄደች። ፈራች። እናቷ ከአልጋው ግርጌ ተቀምጣ ያለችው ትዝ አላት። "ራበኝ" አለች እንጂ መቼ ምግብ አለች?

ተመልሳ ገበታው ፊት ተቀመጠችና ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበች። እናት ቀምሳለች፤ አሁን ልጅ መብላት ትችላለች። አክስት ሜልቢናም ልትቀመጥ ከጠረጴዛው የተሳበውን ወንበር ያዝ አደረገች።

"እሱ ላይ አትቀመጪ፣ አክስቴ" አለች ቬርሊን በቀስታ። "ሰው አለበት።"

መርከቡ ለሦስተኛ ጊዜ ጮኸ። ቬርሊን ቀና ሳትል ገንፎውን በላች።