በማለዳ የተነበበው መጽሐፌ

እናቷ ስለሞተችባት ልጅ የሚተርክ የሕፃናት መጽሐፍ ጽፌ፣ ሥዕሉንም ራሴ ስዬ፣ በራሴ ወጪ አሳተምሁት። እንጅባራ ላይ ግን ዞር ብሎ ያየው ሰው የለም። «ለልጅ ደግሞ ሞት ይወራል እንዴ?» እያሉ መጽሐፉን ይመልሱልኛል።

አንድ ቀን ከጥሊሊ አንድ ሰው ደወለልኝ። «እህቴ፣ ስለ መጽሐፍሽ ሰምቼ ነው፤ ለልጄ መጥተሽ አንብቢላት፤ ብቻ በማለዳ ይሁን» አለኝ። ፈላጊ በማግኘቴ ደስ ብሎኝ፣ ለምን በማለዳ እንደሆነ እንኳ አልጠየቅሁም። በዋዜማው ጥሊሊ አድሬ ገና ጎህ ሲቀድ ቤቱ ደረስሁ።

ቤቱ በሰው ሞልቷል። ሁሉም ግድግዳውን ተደግፈው፣ ሳይነጋገሩ ተቀምጠዋል። እኔ ሞኟ፣ ይህ ሁሉ ሰው መጽሐፌን ሊሰማ የመጣ መስሎኝ ልቤ ሞቀ። ትንሿን ልጅ ከእንቅልፏ ቀስቅሰው አጠገቤ አስቀመጧት። የሳልሁትን ፈረስ በጣቷ እየነካካች፣ እየሳቀች አዳመጠችኝ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ደርሼ፣ «እናቷም ዳግመኛ አልተመለሰችም» ብዬ አነበብሁ።

ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። «የኔ እማዬ ግን ባሕር ዳር ሐኪም ቤት ናት። ሲሻላት ትመጣለች» አለችኝ።

ወደ አባቷ ዞርሁ። ነጠላውን ፊቱ ላይ ጥሎ አቀርቅሯል። በበሩ በኩል ያሉት ሴቶች መቀነታቸውን ያጠብቃሉ። ከጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«በይ ልጄ፣ ንገሪያት እንጂ። እኛ መርዶውን መንገር ቢያቅተን እኮ ነው ያስጠራንሽ።»