አቶ አዲንዳን

መጀመሪያ የሸተተኝ ጎማው ነው። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ በገባን በሁለተኛው ወር የጂኦግራፊ መምህራችን ለመስክ ልምምድ ሜዳ አወጣንና ለአራት ለአራት ተማሪ አንድ አንድ የእጅ ጂፒኤስ አደለን። ለኛ ቡድን የደረሰው አሮጌ ነበር። ፀሐይ ላይ ጥቂት እንደቆየ በዙሪያው ያለው ጥቁር ጎማ ሞቀና ሸተተ። የጋለ ጎማ፣ የባትሪ ድንጋይ ዝገት፣ ከሥሩ ደግሞ የሰሊጥ ቅባት። ሰሊጥ እንኳ በዚያ ሜዳ ላይ አልነበረም፤ እሱን የጨመርኩት እኔ ነኝ። እጄ ውስጥ ያለው ማሽን መተማ ወሰደኝ።

በቅደም ተከተል ልንገርዎ፤ ካልሆነ እኔም ይምታታብኛል።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ አንዲት ጓደኛ ነበረችኝ። እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ከደጋ ወርዶ ሰሊጥና ማሽላ የሚያርስ ሰው ነው። እሷ የነጋዴ ልጅ ነበረች። አባቷ ከድንበሩ ብዙ በማይርቀው ገበያ ውስጥ ሱቅ አላቸው፤ የሱዳን ሽቶ፣ ሳሙና፣ የእጅ ባትሪ፣ ወርቅ ፈላጊዎችና የእርሻ ካቦዎች የሸጧቸው አሮጌ ዕቃዎች ይሸጡበታል። እናቷ የማዶ ሰው ናቸው፤ ዘመዶቻቸው ሁሉ ሱዳን ነው ያሉት። ይህን ልብ ይበሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

አንድ ቀን የጂኦግራፊ መምህራችን ስለ ኬክሮስና ኬንትሮስ ሲያስተምር፣ በውጭ አገር ጂኦካሺንግ የሚባል ጨዋታ እንዳለ ነገረን። አንዱ ትንሽ ዕቃ በጣሳ አድርጎ ይደብቃል፤ የቦታውን ቁጥር ብቻ ለሌላው ይሰጣል። ሌላው በጂፒኤስ እየተመራ ሄዶ ያገኘዋል፤ ጣሳው ውስጥ ባለች ደብተር ላይ ስሙን ይጽፍና መልሶ እዚያው ይተወዋል።

«አግኝቶ ይተወዋል? ጅል ነው እንዴ?» አለ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።

ጓደኛዬ አልሳቀችም። በክርኗ ጎሰም አደረገችኝና «እኛ ነን እነዚያ ጅሎች» አለችኝ።

በዚያ ዓመት ሳሉጎቹ፣ ለአጨዳ የሚመጡት የቀን ሠራተኞች፣ ሥራቸውን ጨርሰው ሲሄዱ እኛ ቃርሚያ ገባን። ከየማሳው የወዳደቀውን ሰሊጥ ለቅመን ሸጥንና የአባቷ ሱቅ ሄድን። አባቷ ያላቸውን ሦስት ዕቃ ባንኮኒው ላይ ደረደሩልን። አንደኛው ሰፊ መስታወት ያለው፣ በጣት የሚነካ፣ ካርታው በቀለም የሚታይ ጂፒኤስ ነበር። ሁለተኛው ያገለገለ ስልክ ነው፤ በውስጡ ጂፒኤስ አለው። ሦስተኛው ቢጫና ጥቁር፣ እንደ ሳሙና ጡብ ያለ፣ ቁልፎቹ የተላላጡ፣ የጀርባው ክዳን በፕላስተር የተጣበቀ አሮጌ ነገር ነው።

እኔ ዓይኔ የመጀመሪያው ላይ ነበር። ብንከራከር ዋጋውን እንደሚቀንሱልን ሁሉ ተስፋ አድርጌ ነበር።

«ጥላ ውስጥ ዕቃ አይገዛም» አሉን አባቷ። «አውጡና ፀሐይ ላይ አቁሙት፤ ያን ጊዜ ራሱ ይነግራችኋል።»

አወጣነው። የቀትር ፀሐይ ነው። በሰፊው መስታወት ላይ የራሴን ፊት ብቻ አየሁ። ጓደኛዬ በትከሻዬ በኩል አጎንብሳ አየችና «ቆንጆ ነሽ፤ ግን መንገድ አታሳዪም» አለችኝ። ስልኩ ደግሞ ጥቂት ቆይቶ ጋለ፤ አንድ ማስጠንቀቂያ ጻፈና ራሱን አጠፋ።

«ሙቀቱን አልቻለውም፤ የደጋ ሰው ነው» አለች። እኔን ለመንካት ነው።

ቢጫው ግን ፀሐይ በበዛ ቁጥር ጥቁር ፊደሎቹ እየጎሉ መጡ። ከሱቁ በር ላይ ነጥብ ያዝንበትና እስከ መስጊዱ አጥር ሄደን ተመለስን፤ ቁጥሩን አምነን ስንቆም ከበሩ ሦስት እርምጃ ብቻ ስቶ ነበር። ጓደኛዬ ቀጥላ የባልዲ ውኃ ውስጥ ከተተችው።

«ገና ሳትገዙት!» አሉ አባቷ፤ ማሽኑ ግን አልሞተም።

እኔ አሁንም ትልቁን እያየሁ ነበር። አባቷ ገብቷቸዋል። «ልጄ፣ ያ በመብራት ነው የሚሞላው» አሉኝ። «መብራቱ ሲጠፋ ስንት ቀን እንደሚቆይ ታውቂዋለሽ። ይኸኛው ሁለት ባትሪ ድንጋይ ነው የሚበላው፤ ባትሪ ድንጋይ ደግሞ ማፊ የሚል ኪዮስክ የለም።» ማፊ በዐረብኛ የለም ማለት ነው፤ እሳቸው በአማርኛ የለም ሲሉ ሰምቼ አላውቅም።

ቢጫውን ገዛን። የሸጠላቸው ሰው መሬት ለኪ እንደነበር ነገሩን፤ ስሙን ግን አልጠየቁትም።

ስሙን እኛ ያገኘነው መሰለን። ሱቁ ደጃፍ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ማሽኑን ስንነካካ፣ ማስተካከያው ውስጥ ምን እንደሆነ ካልገባን ቃል ፊት ለፊት «አዲንዳን» የሚል ተጽፎ አየን።

«ለኪው ስሙን ጽፎበታል» አልኳት።

«አቶ አዲንዳን» አለች ጓደኛዬ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ እጅ ነሣች። «እንዴት ዋሉ፣ ጌታዬ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጂፒኤሱ አቶ አዲንዳን ሆነ፤ በአንቱታ ነበር የምንጠራው። ሳተላይት ፍለጋ ሲዘገይ «አቶ አዲንዳን እያሰቡ ነው» እንላለን። ባትሪው ሲደክም «ምሳቸውን አልበሉም» ትላለች። ስሙን ከማሽኑ ላይ ማጥፋት እንችል ነበር፤ ግን የሰው ስም መፋቅ ነውር መሰለን።

የቀረውን ዓመት ሙሉ ተጫወትን። ሳምንት እኔ ከደበቅሁ ሳምንት እሷ ናት። የወተት ዱቄት ጣሳ፣ በውስጡ የፀጉር ጌጥ፣ አንድ የሱዳን ሳንቲም፣ አንዲት ትንሽ ደብተር። ደንብ አወጣን። የሰው ማሳ ውስጥ አይደበቅም፤ ሰብል ይረገጣል። የደበቀው ማሽኑን ከማስረከቡ በፊት የያዘውን ነጥብ ከማሽኑ ያጠፋል፤ ፈላጊው በወረቀት ከተሰጠው ቁጥር ሌላ ማየት አይፈቀድለትም። ያገኘ «አገኘሁት» ብሎ ይጽፍና ይተወዋል። እኔ ደንብ አጥብቄ የምይዝ ልጅ ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ። እሷ ትስቅብኝ ነበር።

በግንቦት ወር፣ ዝናቡ መንገድ ሳይዘጋ፣ እሷና እናቷ ጠቅልለው ወደ አጎቷ ወደ ሱዳን ሊሄዱ እንደሆነ ሰማሁ። የሰማሁት ከሷ አይደለም፤ ከክፍላችን ልጆች ነው። እሷ ካወቀች ወር ሆኗት ነበር።

ገበያ መሃል አገኘኋትና ለምን እንዳልነገረችኝ ጠየቅኋት።

«ልነግርሽ ስል ትስቂያለሽ፤ ስትስቂ እተወዋለሁ» አለችኝ።

እኔ ምን እንዳልኩ ልንገርዎ። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። «ድሮስ የማዶ ሰው አይደለሽ» አልኳት።

ከእጄ ጂፒኤሱን ወሰደችና ሄደች።

በሦስተኛው ቀን በሱቁ በኩል ሳልፍ አባቷ ጠሩኝ። ማሽኑንና አንዲት የታጠፈች ወረቀት ሰጡኝ። ወረቀቷ ላይ ሁለት ረጃጅም ቁጥሮችና አንድ መስመር ጽሑፍ ነበር፦ «ካልተቀየምሽኝ ፈልጊው። ቅዳሜ ነው የምንሄደው።»

ቤቴ ገብቼ ማሽኑን ስከፍተው የያዘችው ነጥብ አልጠፋም ነበር። ቸኩላ ይሆናል፤ ወይ ልታቀልልኝ ብላ ይሆናል። እኔ ግን ደንብ ነውና ዓይኔን መለስኩ። ነጥብ ማጥፊያውን ከነካካሁ ነጥቡ ያለበትን እንዳላይ ፈራሁና፣ ሁሉንም ወደ ነበረበት የሚመልሰውን ተጫንኩ። «እርግጠኛ ነሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። ልቤ ንጹሕ ነበር፤ ኮራሁ እንኳ።

ማሽኑ እንደ አዲስ ተነሣ። ቁጥር የሚጽፍበት መልክ እኛ ከለመድነው ስለተለየ አስታውሼ ወደ ድሮው መለስኩት። ማስተካከያው ውስጥ አቶ አዲንዳን አልነበሩም፤ በቦታቸው የፊደልና የቁጥር ድብልቅ ተተክቷል። ስማቸው ተፋቀ ብዬ አዘንኩ፤ ከዚያ በላይ አላሰብኩም።

ረቡዕ ከትምህርት ቤት በኋላ ሄድኩ። ሐሙስም፣ ዓርብም ሄድኩ። ማሽኑ ሁልጊዜ የሚያቆመኝ ትራክተር ገልብጦት በሄደ ባዶ ማሳ መሃል ነበር። ድንጋይ የለ፣ ቁጥቋጦ የለ፤ ጓል ብቻ። ጓሉን በእጄ ገለበጥኩት። ጥፍሬ ደማ። በማሳው ጫፍ፣ በስተሰሜን፣ አንድ ላሎ ዛፍ ብቻውን ቆሞ ነበር። ሦስቱንም ቀን ውኃዬን የጠጣሁት በሱ ጥላ ተቀምጬ ነው። በዚያ አካባቢ ሌላ ጥላ አልነበረም። ዛፉን ልፈትሸው ይሆን ብዬ አሰብኩ፤ ቁጥሩ ግን እዚህ አይደለም ይላል፤ ከቁጥሩ ውጪ መፈለግ ደግሞ ማጭበርበር ነው።

ዓርብ እዚያው ጥላ ሥር ሆኜ ነገሩ የገባኝ መሰለኝ። የሰው ማሳ ውስጥ አይደበቅም። ደንቡን ታውቃለች። ባዶ ማሳ ላይ የላከችኝ ልትስቅብኝ ነው፤ ለዚያ ቃሌ የሰጠችኝ መልስ ነው። ይገባኛል አልኩ። ቅዳሜ ከአባቴ ጋር እርሻ ዋልኩ፤ ልሸኛት አልሄድኩም።

ከሳምንታት በኋላ ሱቁ ሄጄ አባቷን በሰላም መድረሳቸውን ጠየቅኋቸው።

«ደርሰዋል፣ አልሐምዱሊላህ» አሉኝ። «ግን እስከ ድንበሩ ስሸኛቸው ያቺ ልጅ መኪናውን ሁለት ጊዜ አስቆመችብን። የረሳሁት አለ ትላለች። ምን ረሳሽ ስንላት ዝም።»

ሲነግሩኝ ሽቶ እየደረደሩ ነበር።

ከዓመት በኋላ ማዶ ጦርነት ሆነ። ሰው በድንበሩ በኩል ጎረፈ፤ ጓደኛዬና እናቷ ከመጡት ውስጥ አልነበሩም። አባቷ ጠዋት ጠዋት ስልክ ይሞክራሉ፤ ካርድ ልገዛ ስገባ ከጆሯቸው አውርደው ያዩኛል። «ማፊ» ይሉኛል፣ ሳልጠይቃቸው።

እንግዲህ ወደ ሜዳው ልመለስ። የዩኒቨርሲቲው መምህራችን ማሽኑን ካደለን በኋላ እንዲህ አለን፦ «ቁጥር ብቻውን ቦታ አይደለም። ከየት ተነሥቶ እንደተቆጠረ ካላወቃችሁ ያሳስታችኋል። የድሮ ካርታዎቻችንና ብዙ መሬት ለኪዎች የሚነሡት ከአዲንዳን ነው። ማሽኑ ከፋብሪካ እንደወጣ ከተተወ ግን ከሌላ ይነሣል። ሁለቱን ያደባለቀ ሰው ከሁለት መቶ ሜትር በላይ ይስታል።»

እጄን አወጣሁ። «አዲንዳን ምንድን ነው?»

«ቦታ ነው። ዓባይ ዳር፣ በሱዳንና በግብፅ ወሰን ላይ። ለኪዎች ልኬታቸውን ከዚያ ጀመሩ። አሁን የግድብ ሐይቅ ውጦታል።»

«የሰው ስም መስሎኝ ነበር» አልኩ።

«የማን?» አለኝ። ተማሪው ሳቀ።

ወደ የት በኩል እንደሚስት ጠየቅሁት። «የአዲንዳንን ቁጥር በአዲሱ ከፈለግሽ እውነተኛው ቦታ ከቆምሽበት ወደ ሰሜን ነው፤ ትንሽ ወደ ምሥራቅ» አለኝ። ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ብዕሬ ላሎ ብሎ ጨመረበት።

በእረፍት ቤት ስገባ ወረቀቷን ከድሮ መጽሐፌ ውስጥ አወጣሁ። ቢጫው ማሽን በሁለት ባትሪ ድንጋይ ተነሣ። አዲንዳንን መልሼ አስገባሁለት። ሰሊጡ ታጭዶ ከተነሣ ቆይቷል፤ ማሳው ላይ የቀረው ቃርሚያ ብቻ ነበር። ማሽኑ ባዶውን ማሳ አሳልፎ ወሰደኝና ላሎው ሥር አቆመኝ። እኔ እቀመጥ የነበረው በፀሐይ መውጫ በኩል ነው። ጣሳው በጀርባው በኩል፣ በሁለት ሥሮች መሃል፣ በሦስት ድንጋይ ተከድኖ ነበር። ተደግፌው የነበረው ግንድ ነው የለየን።

ፌስታሉን ምስጥ በልቶታል፤ ደብተሯ ከግማሽ በላይ ተርፋለች። የሱዳኑ ሳንቲም አለ። የመጀመሪያው ገጽ ጠርዙ የለም፤ መሃሉ ግን ይነበባል፦

«ካነበብሽው ታርቀናል። ቅዳሜ ጠዋት ሱቁ በር ላይ ነኝ፤ ሳላይሽ አልሳፈርም። የማዶ ሰው አይደለሁም። ቁጥሬ እዚህ ነው።»

እንዴት እንዳለቀስኩ መንገር አልችልበትም። ጥላው ዞሮ እግሬ ላይ ፀሐይ ሲደርስ ነው የነቃሁት።

ደብተሯን ይዣት ልሄድ ነበር። ቦርሳዬ ውስጥ ሁሉ ከትቻት ነበር። ከዚያ አወጣኋትና ከጽሑፏ በታች ቀኑን ጻፍኩ፤ «አገኘሁት» አልኩ። ከሱ ሥር ደግሞ፦ «አቶ አዲንዳን ሰው አይደሉም፤ ቦታ ናቸው። ስትመጪ ማሽንሽን እዚያ ላይ አድርጊው፤ ካልሆነ ማሳው መሃል ትቀሪያለሽ።»

አዲስ ፌስታል ይዤ ነበር። ጠቀለልኩና ጣሳው ውስጥ መለስኩት፤ ሦስቱን ድንጋይ እንደነበሩ ደረደርኩ። አግኝቶ መተው ነው ደንቡ።